ሳይታመሙ የሚመረመሩት በሽታ፦ የማህፀን በር ካንሰርና መነሻው

በዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ብዙም የማይነገር፣ ነገር ግን በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ እናቶችን ከልጆቻቸው የሚነጥል በሽታ እናነሳለን። እርሱም የማህፀን በር ካንሰር ነው። ጽሑፉ ለእህቶች ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። ባሎች፣ አባቶችና ወንድሞችም እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት እንጠይቃለን፤ ጉዳዩ ለምን እነርሱንም እንደሚመለከት ወደ ታች ያገኙታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት ወደነበረው መድኃኒት ቤት አንዲት እናት ይመጡ ነበር። ዕድሜያቸው ወደ አርባ አምስት ይሆናል። አምስት ልጆች አሏቸው፣ ቀፊራ ገበያ አነስተኛ ንግድ ነበራቸው። ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላቸው። ወንዶቹ ደንበኞች እስኪወጡ ጥግ ይዘው ይጠብቁና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያንን ፈሳሽ የሚያደርቀውን መድኃኒት ስጪኝ» ይሉኛል። መጀመሪያ ለፈንገስ የሚሆን በብልት የሚገባ ኪኒን ሰጠኋቸው። በሁለተኛው ጊዜ ሜትሮኒዳዞል ወሰዱ። በሦስተኛው ጊዜ፣ «ከባለቤቴ ጋር ከተገናኘሁ በኋላ ደም አያለሁ፤ የዕድሜ ነው አይደል?» አሉኝ።

ያን ቀን መድኃኒቱን ወደ መደርደሪያው መልሼ፣ «አዴ፣ ይህ የኔ ሥራ አይደለም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሌላ መድኃኒት ሰጥቼ፣ «ካልተሻለዎት ሐኪም ይዩት» ብዬ ሸኘኋቸው። ከወራት በኋላ ሲመረመሩ በሽታው የማህፀን በር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከማህፀን በር አልፎ ተሰራጭቶም ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ ብዙም አልቆዩ። አላህ ይዘንላቸው። ቀደር ከአላህ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። እኔ ያን ቀን ድርሻዬን አልተወጣሁም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም ከእርሳቸው በኋላ የሚመጡት እህቶች መስኮቱ ጋ ሳይቀሩ ሐኪም ዘንድ እንዲደርሱ ነው።

በሽታው ምን ያህል ይገኛል?

የማህፀን በር ማለት ማህፀን ወደ ብልት የሚከፈትበት የታችኛው ጠባብ ክፍል ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 660,000 ያህል ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር ተይዘዋል፤ 350,000 ያህሉ ደግሞ ሕይወታቸው አልፏል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሚኖሩት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በኢትዮጵያ ለ2020 በወጣው ግምት በዓመት ከ7,400 በላይ ሴቶች ይያዛሉ፣ ከ5,300 በላይ ይሞታሉ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ይህ ካንሰር ከብዙዎቹ ካንሰሮች የተለየ ነው። መነሻው ታውቋል፣ መከላከያ ክትባት አለው፣ ወደ ካንሰርነት ከመለወጡ በፊትም በቀላል ምርመራ ሊገኝና ሊታከም ይችላል። ይህ ሁሉ እያለ ሴቶቻችን የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ስለሚመጡ ነው።

መነሻው ምንድን ነው?

መነሻው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ የሚባል ተህዋስ ነው፤ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. ይባላል። ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ስሙ ቢመሳሰልም ፈጽሞ የተለየ ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። አንዳንዶቹ በእጅና በእግር ላይ ተራ ኪንታሮት ያወጣሉ፤ ቁጥር 6 እና 11 የሚባሉት በብልት አካባቢ ኪንታሮት ያመጣሉ፤ እነዚህ ወደ ካንሰር አይለወጡም። ወደ 14 የሚሆኑት ግን ካንሰር የማምጣት ኃይል አላቸው። ከእነዚህም ቁጥር 16 እና 18 ብቻቸውን ከ100 የማህፀን በር ካንሰሮች ለ70ዎቹ ያህል ምክንያት ናቸው።

ይህንን ግንኙነት የደረሰበት ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 ከካንሰር ናሙናዎች ውስጥ ቁጥር 16ን እና 18ን ለየ፤ በ2008ም ለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

ቫይረሱ የሚገባው በዓይን በማይታይ ጭረት ውስጥ አልፎ ወደ ማህፀን በር ሽፋን ታችኛው ክፍል ነው። በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ ሰውነት ራሱ ያሸንፈዋል፤ ከ10 ሴቶች በ9ኙ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ቫይረሱ ተገኘባት ማለት ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። ችግሩ ያለው ሳይጠፋ በሚቀርባቸው ጥቂቶች ላይ ነው። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ከመጠን በላይ እንዳይራባ የሚያቆመው ፍሬን አለው። ቫይረሱ የሚያመርታቸው ሁለት ፕሮቲኖች ይህንን ፍሬን ያበላሹታል። ሴሉ ያለ ገደብ መራባት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ቅድመ ካንሰር፣ ቀጥሎም ካንሰር ይሆናል።

ይህ ጉዞ በጤነኛ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የመከላከል አቅሟ በተዳከመ፣ ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ. ኖሮባት ሕክምና በማትከታተል ሴት ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ምንም ሕመም የለም። አላህ የሰጠን ይህ ረጅም ጊዜ ትልቅ ዕድል ነው፤ የሚጠቅመው ግን ለተመረመረች ሴት ብቻ ነው።

ማንን ይይዛል? ጥፋቱስ የማን ነው?

ቫይረሱ በአብዛኛው የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወቅት በሚኖር የቆዳ ንክኪ ነው። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም በጋራ መጸዳጃ ቤት ይተላለፋል ተብሎ አይፈራም። ግንኙነት ካላቸው ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ወንዱ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያይ ተሸክሞት ይኖራል።

ባሎችና አባቶች እንዲያነቡ የጠየቅነው ለዚህ ነው። «በግንኙነት ይተላለፋል» የሚለውን ሲሰሙ አንዳንዶች በሚስቶቻቸው ላይ ክፉ ጥርጣሬ ያድርባቸዋል። አንዳንድ እህቶችም ይህንኑ ፈርተው ምርመራውን ይሸሻሉ። እውነቱ ግን ይህ ነው፦ ቫይረሱ ሳይታወቅ ለብዙ ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ምርመራው መቼ እንደገባ፣ ከማን እንደመጣ አይናገርም። በሕይወቷ ከአንድ ባል በቀር የማታውቅ ሴት ሊገኝባት ይችላል። ባልየው ከጋብቻው በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ከቀድሞ ትዳሩ ወይም ከሌላ ሚስቱ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እርሷም ከሞተባት ወይም ከፈታት ባል ይዛው ቆይታ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህን ውጤት የዝሙት ማስረጃ አድርጎ የሚወስድ ሰው በሕክምናውም በሸሪዓውም ተሳስቷል። ጥብቅ የሆነችን ሴት ያለ ማስረጃ መወንጀል ምን ያህል ከባድ ወንጀል እንደሆነ በሱረቱ አን-ኑር የተማርነው ነው።

«ወንዶቻችን የተገረዙ ስለሆኑ እኛን አይነካንም» የሚሉም አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በዩጋንዳ ራካይ በተባለ አካባቢ የተደረገ ጥናት የተገረዙ ወንዶች ሚስቶች ዘንድ አደገኛው ቫይረስ በአንድ አራተኛ ያህል ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የወንድ ግርዛት ምርመራንና ክትባትን አይተካም።

ቫይረሱ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉን የሚጨምሩ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው፦ ኤች.አይ.ቪ. (አደጋውን ስድስት እጥፍ ያደርገዋል)፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ገና በለጋ ዕድሜ ማግባትና መውለድ፣ ብዙ ጊዜ መውለድ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ከአምስት ዓመት በላይ መውሰድ። ኪኒን የምትወስዱ እህቶች ይህን አንብባችሁ በድንገት አታቁሙ፤ መደረግ ያለበት በወቅቱ መመርመር ነው።

ምልክቶቹ፣ ለሶላት ከምንቆጥረው ቀን ጋር

ቅድመ ካንሰር ምልክት የለውም። ምልክት መታየት ሲጀምር በሽታው በአብዛኛው ወደ ካንሰርነት ተለውጧል። እነዚህም፦

– ከግንኙነት በኋላ ደም መታየት፤
– በሁለት የወር አበባ መካከል ደም መምጣት፤
– የወር አበባ ከተቋረጠ ከዓመት በላይ ቆይቶ ደም መታየት፤
– መጥፎ ሽታ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ በተለይ በመድኃኒት የማይሻል፤
– በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ የታችኛው ወገብና የማህፀን አካባቢ ሕመም፤
– በሽታው ሲገፋ የእግር ማበጥ፣ የሽንት መታወክ፣ ክብደት መቀነስ።

እኛ ሙስሊም ሴቶች እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለን። ለሶላትና ለጾም ስንል የሐይድ ቀናችንን እንቆጥራለን፤ ከቀኑ ውጪ የመጣ ደም ወዲያው ይታወቀናል። ብዙዎቻችን ግን «ይህ ኢስቲሓዳ ነው፤ ሶላቴን ልስገድ?» ብለን ኡስታዟን ጠይቀን፣ መልሱን አግኝተን፣ ነገሩን እዚያው እንዘጋዋለን። የፊቅህ ጥያቄው ተመልሷል፤ የጤናው ጥያቄ ግን ገና አልተጠየቀም። ኢስቲሓዳ ምክንያት ያለው ደም ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ይህንን መለየት ያለበት ግን ሐኪም ነው። በየመድረሳውና በየሐለቃው የምታስተምሩ እህቶች፣ ስለ ኢስቲሓዳ ስትጠየቁ ከፍርዱ ቀጥሎ «ታይተሻል?» የምትለዋን አንዲት ቃል ብትጨምሩ የሰው ሕይወት ልታተርፉ ትችላላችሁ።

ምርመራው እንዴት ነው?

በአገራችን በብዛት የሚሰጠው የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ቀላል ነው። ባለሙያዋ የማህፀን በርን የሚያሳይ መሣሪያ በቀስታ ታስገባለች፤ በጥጥ የቀጠነ አቼቶ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛ ያልሆነው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ቀዶ ጥገና የለውም፣ ማደንዘዣ አይፈልግም፣ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። መጠነኛ መቆጥቆጥ ሊኖር ይችላል። የወር አበባ ባልሆነበት ቀን መሄድ ይመረጣል።

ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናችሁ እህቶች ሁሉ፣ ምንም ሳያማችሁ፣ ልትመረመሩ ይገባል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለ እህት ቀደም ብላ፣ ከ25 ዓመት ጀምሮ፣ በአጭር ጊዜ ልዩነት መመርመር አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት በአቼቶ የሚደረገው ምርመራ በየሦስት ዓመቱ እንዲደገም ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገ ጥናት በዚህ ዕድሜ ካሉ ሴቶች መካከል የተመረመሩት ከ100 ውስጥ 3 ያህል ብቻ ነበሩ።

ሌላው ምርመራ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ሲሆን በአገራችንም በአንዳንድ ተቋማት ተጀምሯል። ለዚህኛው ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ ለብቻዋ ሆና በትንሽ ጥጥ መውሰድ ትችላለች፤ ስለዚህ ለሚያፍሩ እህቶች ይመቻል።

ሐያእ የእምነት ክፍል ነው፤ ሐያእ ግን ሕክምናን አይከለክልም። ሴት ባለሙያ እንድታያችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ካርድ ስታወጡ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በልጅነታቸው ተገርዘው የተሰፉ እህቶችም በአካባቢያችን ጥቂት አይደሉም፤ ምርመራውን እጅግ ይፈሩታል። ይህንንም ለባለሙያዋ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ አነስተኛ መሣሪያ ልትጠቀም፣ ወይም ሌላውን የምርመራ ዓይነት ልትመርጥላችሁ ትችላለች።

በድሬዳዋ የምትኖሩ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ የማይሰጥ ከሆነ እንደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወዳለ ተቋም ይልኳችኋል። በገጠር ቀበሌ ያላችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ።

ቢገኝብኝስ?

ቅድመ ካንሰር ከሆነ ቦታውን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት በማከም ማጥፋት ይቻላል፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ተሠርቶ እመቤቲቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ማህፀን አይወጣም፤ መውለድም አይከለከልም። ከሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የሚመስል ፈሳሽ ይኖራል፤ ለአራት ሳምንት ያህል ከግንኙነት መቆጠብ ያስፈልጋል። በዚህ የባል ትዕግሥት የሕክምናው ክፍል ነው።

በሽታው ካንሰር ከሆነ እንደ ደረጃው በቀዶ ጥገና፣ በጨረርና በመድኃኒት ይታከማል። በጊዜ ከተገኘ የመዳን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ሲዘገይ ግን ሌላ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገራችን የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ረጅም ነበር። በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። እንዲያም ሆኖ ሕክምናው ለታማሚዋም ለቤተሰቧም ከባድ ነው። በጤና ጣቢያ ያለው የጥቂት ደቂቃ ምርመራ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ለሴት ልጆቻችን፦ ክትባቱ

ኢትዮጵያ የኤች.ፒ.ቪ. ክትባትን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዙር መስጠት ጀመረች። በኬንያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አንድ ክትባት ብቻውን ከቁጥር 16 እና 18 አጥብቆ እንደሚከላከል አሳየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት አንዱ ሊበቃ እንደሚችል አስታወቀ። አገራችንም በ2017 ዓ.ም. ወደ አንድ ጊዜ ክትባት ተሸጋግራ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጃገረዶች በዘመቻ ሰጥታለች።

ወላጆች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች በአጭሩ እንመልስ።

«መካን ያደርጋል ይባላል።» አያደርግም። በክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱን ቅርፊት የሚመስል ፕሮቲን ብቻ ነው። ቫይረሱ ራሱ ስለሌለበት በሽታውን ሊያመጣ አይችልም። ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ለብዙ ሚሊዮን ልጃገረዶች ተሰጥቷል፤ ከመካንነት ጋርም አልተያያዘም። የተለመደው የጎንዮሽ ችግር የክንድ ሕመም፣ መጠነኛ ትኩሳትና አንዳንዴ መርፌን ከመፍራት የሚመጣ ማዞር ነው።

«ከሐራም ነገር የተሠራ ነው?» አገራችን ስትጀምር የተጠቀመችበት ጋርዳሲል የተባለው ክትባት ፕሮቲኑ የሚመረተው በእርሾ ነው፤ የአሳማ ጄላቲን በውስጡ የለም።

«ልጄ ጨዋ ናት፤ ለምን በዚህ ዕድሜ?» ክትባቱ የሚከላከለው ከመያዝ በፊት ሲሰጥ ነው፤ የገባን ቫይረስ አያወጣም። ጨዋዋ ልጅም ነገ ኢንሻአላህ ታገባለች፤ የሚያገባት ሰው ምን እንደተሸከመ እርሱም አያውቅም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በ12 እና 13 ዓመታቸው ክትባቱ በቀረበላቸው ሴቶች ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ87 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያም ሆኖ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነቶች ስለማይሸፍን የተከተበችም ልጅ ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመሯ አይቀርም።

ለማጠቃለል

1. ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ምንም ሳያማችሁ ተመርመሩ፤ ካመማችሁ ደግሞ ዕድሜ ሳትቆጥሩ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።
2. ከግንኙነት በኋላ ወይም ከሐይድ ቀን ውጪ ደም ያየች ሴት፣ አንድ ጊዜ ታክማ ፈሳሹ የተመለሰባትም፣ ከመድኃኒት ቤት መስኮት መድኃኒት አትግዛ፤ ትመርመር። በመድኃኒት ቤት ያለን ባለሙያዎችም አንሽጥላት።
3. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ሴት ልጆቻችሁን አስከትቡ።
4. ባሎች፣ ሚስቶቻችሁን ሸኙ፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን በጥርጣሬ አትቀበሉት።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለማታነበው እናታችሁ፣ ለአክስታችሁ፣ ለጎረቤታችሁ አንብቡላት። አዴ ማንበብ አይችሉም ነበር። አጠገባቸው ሆኖ የሚነግራቸው ሰው ነበር የጎደላቸው።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ያውርድ፣ ለጤነኞቹ ጤናቸውን ይጠብቅ። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።